አልጋው የማይጨማደድ ሆቴል

ሆቴል አውቃለሁ። መካነ ሰላም፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለ አንድ አልቤርጎ ሃያ ሁለት ዓመት አንሶላ አጥቤያለሁ። አሥራ አራት ክፍል ነበረው። ከደሴ ጭነት ይዞ የሚመጣ ሾፌር፣ ለስብሰባ የተጠራ ሠራተኛ፣ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለው የወግዲ ገበሬ ያድርበታል። እንግዳውን ሳላየው አልጋውን አይቼ ማንነቱን እናገር ነበር። ሾፌር ሲነጋጋ ተስፈንጥሮ ለመነሣት ጫፉ ላይ ስለሚተኛ አንሶላው በአንድ ጎን ብቻ ይጨማደዳል። ገበሬ ብርድ ልብሱን አጥፎ ነው የሚወጣው፤ ከፍሎ ያደረ ሳይሆን ሰው ቤት ያደረ ይመስለዋል። ሹም ፎጣውን መሬት ጥሎ ይሄዳል።

ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ልጄን ያሳደግሁት በዚህ ሥራ ነው። አልተራበችም፣ ትምህርቷንም አላቋረጠች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ስታድግ ፈጣሪን አንድ ነገር ብቻ ነው የለመንኩት፤ የሰው አንሶላ እንዳታጥብ።

ልጄ አሁን ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። እዚሁ ከተማ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ «እማዬ፣ ዛሬ ሪዞርት ገብቻለሁ» አለችኝ። ከመደቡ ላይ ንቅንቅ አላለችም።

ነገሩን አስረዳችኝ። ኢንተርኔት ውስጥ ያለ ዓለም ነው። ሰው በሥዕል የተሠራ አካል ይለብስና ይገባበታል። ይራመዳል፣ ያወራል፣ ቤት ይከራያል። ሆቴሎች አሉት፣ ባሕር ዳር የተሠሩ ሪዞርቶች አሉት። ያንን አካል ልጄ «አቫታር» ትለዋለች። እኔ አሻንጉሊት እለዋለሁ።

«ምን ትሠሪያለሽ እዚያ?» አልኳት።

«አርፋለሁ።»

«ከምን?»

«ከሥራ ነዋ እማዬ። ባሕር አለ። ይኸውልሽ እየዋኘሁ ነው።»

«አሻንጉሊቷ ናት የምትዋኘው። አንቺ ቁጭ ብለሽ እግርሽ ደንዝዟል።»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። በመካከሉ መብራት ሄደ፤ ባሕሩም ሪዞርቱም አብረው ሄዱ። በእኛ አልቤርጎ መብራት ሲጠፋ ሻማ እናዞር ነበር እንጂ እንግዳውን ከነአልጋው አናጠፋም። እንዲህ ብዬ ነገርኳት። ብዙ መናገር አልወድም፤ ያን ቤት ለመናቅ ግን ቃል አጥቼ አላውቅም።

አንድ ዓመት ያህል እንዲህ አለፈ። እርሷ ትገባለች፣ እኔ አሾፋለሁ። እንደ ልጅ ጨዋታ ቆጥሬው ነበር። የነቢያት ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ግን ሽሮውን እያማሰልኩ ሳለ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«እማዬ፣ አንድ ሰው አለ።»

ማንኪያውን አስቀመጥኩ። «የት ያለ ሰው?»

«አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። የተዋወቅነው እዚያ ነው። ሪዞርቱ ውስጥ።»

«ሥራው ምንድን ነው?»

«ሆቴል ይሠራል።»

«ግንበኛ ነው?»

 ቀስ ብላ «እዚያ ውስጥ ነው የሚሠራው» አለች። «ሆቴሎቹን የሚነድፋቸው እርሱ ነው። የውጭ ሰዎች ይከፍሉታል።»

«ማንም የማያድርበት ቤት ሠርቶ ይበላል በይኛ።»

«እኔ አድሬበታለሁ።»

«አንቺ ያደርሽው እዚህ ነው፤ ብርድ ልብስ ስትገፊ የማለብስሽ እኔ ነኝ።»

በአካል ሁለት ጊዜ ተገናኝተዋል፤ ለሥልጠና አዲስ አበባ በሄደች ጊዜ። ሰውየው ክርስቲያን ነው፣ ቆራቢ ነው አለች። ይህ ደስ አሰኘኝ፤ አልነገርኳትም። ከዚያ ዋናውን ነገር አወጣችው። አባቱ ሽማግሌ ሆነው ሊጠይቁኝ ይፈልጋሉ። መምጣት ግን አይችሉም። ስለዚህ እዚያ ሪዞርት ውስጥ ልቀበላቸው እችል እንደሆነ ጠይቀው ልከዋል።

«ለምን መምጣት አይችሉም?»

«አይመቻቸውም።»

«የሚመቸው ማን አለ? የእኛ መንገድ መቼ ተመችቶ ያውቃል?»

 ፊቷን ሳይ ነገሩ ጨዋታ እንዳልሆነ ገባኝ። ልጄ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትፈራ ጆሮዋን ትይዛለች፤ ያን ጊዜም ይዛ ነበር። እንቢ ብል አልቅሳ ትተወው ነበር። እሺ ብል ደግሞ አንድ ልጄን ለማላውቀው ሰው፣ በሌለ ቤት ውስጥ መስጠቴ ነው።

«እንግዳ ከመቀበሌ በፊት ቤቱን ልየው» አልኳት። «የማላውቀው ቤት ሽማግሌ አልቀበልም።»

ስለዚህ ሪዞርቱ ገባሁ። ሦስት ቀን፣ ልጄ ከሥራ ስትመለስ እያስገባችኝ ሰነበትኩ።

ጣጣው ከልብስ ጀመረ። የሰጠችኝ አሻንጉሊት ትከሻዋ ራቁቱን ነው። «ይህችማ እኔ አይደለሁም» አልኩ። ረጅም ቀሚስ ተገኘላት፤ ነጠላ ግን በሱቃቸው የለም። ልጄ ለሰውየው ነገረችው፤ እርሱም ነድፎ ላከልኝ። ሳየው ጥለቱን ወደ ላይ፣ አንገቴ ዙሪያ አድርጎታል። እንዲህ የሚለበሰው ለለቅሶ ነው።

«ማን ሞቶብኝ ነው በይው» አልኳት።

ሰዓት ሳይሞላ አስተካክሎ ላከ። «ለእትዬ ይቅርታ በዪልኝ፤ እናቴ ከሞተች ጀምሮ ቤታችን ነጠላ ያየሁት በለቅሶዋ ብቻ ነው» ብሏል። ይህችንም ልብ አልኳት።

ከመግቢያው ጠረጴዛ ኋላ አንዲት ሴት ቆማለች፤ ሰው አይደለችም፣ እርሷም ሥዕል ናት። በእንግሊዝኛ ተቀበለችኝ። ፊቷ ፈገግ እንዳለ ቀርቷል። እኛ ዘንድ እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ የሚባለው «ደክሞዎታል» ነው፤ ከዚያ የእግር ውኃ ነው። እዚህ ማንም ደክሞ አይመጣም። ሳይደክሙ የሚገቡበት ቤት ደግሞ ምኑ ነው እረፍቱ?

ወደ መኝታ ክፍሉ ወጣሁ። ሰፊ ነው። መስኮቱ ባሕር ያሳያል። አልጋው አምስት ሰው ያስተኛል። አሻንጉሊቴን አስተኛኋት፤ አስነሣኋት። አንሶላው አልተጨማደደም። ደግሜ አስተኛኋት፤ ደግሜ አስነሣኋት። ያው ነው።

«አጣቢዎቹ የት ነው ያሉት?» አልኩ።

«የሉም እማዬ። አያስፈልጉም።»

አያስፈልጉም። በረኪና እጄን ሲልጠው የኖረውን ዘመን ሁሉ አሰብኩ። መላጡ አይቆጨኝም፤ እንጀራ ሰጥቶኛል፤ ተመስገን። ግን ሰው ተኝቶበት ምልክት የማይቀርበት አልጋ ምን ይባላል? ያደረው ሌባ ይሁን ቄስ፣ የታመመ ይሁን ያለቀሰ አይታወቅ። እንዲህ ባለ ቤት ሰው ሰውን እንዴት አድርጎ ያውቃል? ልጄስ ይህን ሰው ምኑን አይታ አወቀችው?

ምግብ ቤታቸውም ወረድኩ። ረጅም ጠረጴዛ ላይ የበግ ጥብስ ከነጭኑ ተዘርግቷል። በነቢያት ጾም። ማንም ሊበላው አይችልም፤ ቢሆንም ፊቴን አዞርኩ። ጸሎት ላድርስ ብል ፀሐዩ ካለበት ፈቀቅ አይልም።

«ምሥራቁ የት ነው?» አልኳት።

ልጄ ፈለገች፣ ፈለገች፤ አጣችው። ኮምፒውተሩን ትቼ ከቤቴ ጓሮ ወጥቼ አደረስኩ።

ቤቱን ብንቀውም ለልጄ ስል እሺ አልኩ፤ ለሽማግሌዎቹ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቀጠሮ ተያዘ። ወንድሜ ከከላላ ቅዳሜ ገባ። ታናሼ ነው፤ እህል ይነግዳል። ክርስቲያን ነው፣ ግን ገበያው አስለምዶት «ወላሂ» ሳይል ነገር አይጨርስም። ልጄ ለእርሱ ሙሉ ልብስ ያለው አካል አዘጋጀችለት። ባየው ጊዜ ስክሪኑን በጣቱ ነካው።

«ጸጉር አለኝ!» አለ። «እትዬ፣ እይማ! ሃያ ዓመት የሸሸኝ ጸጉር።»

«ጋሼ፣ ራሰ በራ አካል ነበረኮ፤ ልቀይርልዎት?» አለችው ልጄ።

«ወላሂ እንዳትነኪው! እትዬ፣ ቤቱን አንቺ ናቂው፤ እኔ ወድጄዋለሁ።»

ተቀምጠን ጠበቅን። ልጄ ከኋላችን ቆማ ቁልፉን ትነካልናለች። ገንዳ አጠገብ ያለ ሰፊ በረንዳ ላይ ነበር ቀጠሮው። ሦስት ሆነው መጡ። አንደኛው አባትየው ናቸው፤ ረጅም፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ። ሁለተኛው ጎረቤታቸው ሐጂ ናቸው። ሦስተኛው ሰው ኔትወርኩ አላደረሳቸውም መሰለኝ፣ ነጭ ጥላ ሆነው ቆመዋል። አማተብኩ።

«እንዴት ዋላችሁ፣ ደህና ናችሁ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ፣ አገሩ ደህና ነው?» ተባባልን። ድምፃቸው የሰው ድምፅ ነው፤ ይህ ብቻ ነበር እውነተኛው። ወንድሜ ወንበር እያሳየ «ተቀመጡ እንጂ» አለ።

«የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አባትየው።

ይህ ወጉ ነው። ልጅ የሚጠይቅ ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚናገረው፤ እሺ እስኪባል አይቀመጥም። ወጉን በማወቃቸው ደስ አለኝ።

ሐጂ ንግግሩን ጀመሩ። «የደረሰ ልጅ አለን፤ እናንተም የደረሰች ልጅ እንዳለቻችሁ ሰምተን…» እያሉ ሳለ ሰውነታቸው መራመድ ጀመረ። አንዱን ቁልፍ ነክተው ይሆናል። በረንዳውን አቋረጡ፣ ከገንዳው ጫፍ ደረሱ፣ ገቡ።

«ሐጂ ሰጠሙ!» ብሎ ወንድሜ ተነሣ።

«አልሰጠምኩም» አሉ ሐጂ ከገንዳው ግርጌ። «ወላሂ ውኃው አልነካኝም። ነገሬን ልጨርስ።»

«ቢወጡ አይሻልም?»

«መውጫውን አላውቀው። እናም እንዳልኳችሁ፣ ልጃችን አላህን የሚፈራ፣ ሰው አክባሪ…»

ንግግራቸውን ከውኃ ውስጥ ጨረሱት። ወንድሜ በጋቢው አፉን አፍኖ በሳቅ ይንፈራፈራል። ልጄ ከኋላዬ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» ትላለች። እኔ አልሳቅሁም። የልጄ ዕድሜ ልክ ነገር፣ አንድ ሰው ገንዳ ውስጥ ቆሞ የሚናገረው ቀልድ ሆነብኝ። ስናደድ ቃሌ አጭር ይሆናል፤ ያን ቀን ግን ረዘመ።

«አባቴ» አልኳቸው አባትየውን፣ «ልጅ የሚጠየቀው መንገድ ተመትቶ ነው። የሽማግሌ ጫማ አቧራ ይነካዋል። ከአዲስ አበባ እዚህ ሁለት ቀን ቢፈጅ ነው። ለልጅዎ ጉዳይ ሁለት ቀን ካልተደከመ፣ እኔስ ልጄን በምን አምኜ እሰጣለሁ? እናንተ ልጅ ልትጠይቁ የመጣችሁት ከአልጋችሁ ሳትነሡ ነው።»

  ከኋላዬ የልጄ እጅ ትከሻዬን ያዘኝ፤ ጥብቅ አድርጎ።

«እውነት ነው» አሉ አባትየው። «ከአልጋዬ አልተነሣሁም። አራት ዓመቴ ነው።»

አናጢ ነበሩ። ከጣራ ወድቀው ወገባቸው ተሰብሯል፤ እግራቸው አይታዘዝም። ልጃቸው ሥራውን ሁሉ አልጋቸው አጠገብ ሆኖ ይሠራል። ይህን ሁሉ በእርጋታ ተናገሩ፤ እንደ ሌላ ሰው ታሪክ።

«ልጄንም ልጅዎንም እንዳይነግሩ አደራ ያልኩ እኔ ነኝ» አሉ። «ተኝቶ የጠየቀ አባት እንዳልባል ነው። ልጄ ይህን ቤት ሲሠራ መቆሚያ ሰጠኝ። እዚህ እቆማለሁ። ስለዚህ ቆሜ ልጠይቅዎት መጣሁ። ድፍረት ከሆነ ይቅር ይበሉኝ።»

አንገቴን ደፋሁ። ስክሪኑን ሳይ ግን አሻንጉሊቴ አልደፋችም። ነጠላዋን እንደለበሰች ቀጥ ብላ፣ ፈገግ ብላ ቆማለች። ያን ቤት ከመቼውም ይልቅ የናቅሁት ያን ጊዜ ነው። ሰው ሲያፍር ማፈሩ የማይታይበት ቤት! ስለዚህ በቃል መናገር ነበረብኝ።

«አባቴ፣ የበደልኩ እኔ ነኝ። እግዚአብሔር ይማርዎት» አልኩ። «ልጅዎ በእግሩ እኔ ዘንድ ይምጣ። መልሱን ለእርስዎ እዚሁ፣ በዚህ ቤት፣ ራሴ እነግርዎታለሁ።»

«እሺ» አሉ። ቆመው እንደመጡ ቆመው ሄዱ። ሐጂ ብቻ ቀሩ፤ ልጄ በስልክ መውጫውን ስታስረዳቸው ቆየች።

በኋላ ምሳ ልናቀርብ ስንል «ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«አውቅ ነበር።»

አደራ አደራ ነው፤ አልተቆጣኋትም። ሌላ ነገር ግን ልቤን ያዘው። አራት ዓመት የተኛ ሰው። ቤት ውስጥ አልጋ ላይ የሚውል፣ አልጋ ላይ የሚያድር። አንሶላውን ማን ነው የሚያጥበው? ልጄ ያን ቤት ስትገባ ማን ሊያጥበው ነው? ሃያ ሁለት ዓመት ፈጣሪን የለመንኩት ነገር ዞሮ ሊመጣ መሰለኝ። በሽተኛ መርዳት ጽድቅ ነው፤ አውቃለሁ፤ ባለቤቴን ዘጠኝ ወር አስታምሜዋለሁ። ግን ጽድቁን ልጄ ራሷ ትምረጠው እንጂ አንድ ወንድ አስሮ እንዲያሸክማት አልፈልግም።

ሰውየው መንገዱ ሰላም ነው የተባለ ቀን ጠብቆ በሁለት ሳምንቱ መጣ። አቧራ ለብሶ፣ ከንፈሩ በአቀስታ ብርድ ተሰነጣጥቆ። አልቤርጎው አደረ። ጠዋት እኔን የተካችው አጣቢ በር ላይ አገኘችኝ።

«እትዬ፣ አማችሽ የሚሆነው ያ ነው?»

«ማን አለሽ?»

«ከተማው። አልጋውን ብታዪው፤ አንሶላው ተጠቅልሎ ገመድ ሆኗል። ትራሱ መሬት ነው።»

«ተመስገን» አልኩ። ግራ ተጋብታ አየችኝ። ደክሞት የተኛ ሰው ነበር፤ የሥዕል ሰው አይደለም።

ቤት ሲገባ ጧፍ ይዞ ነበር፤ ለቤተ ክርስቲያን። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። ከመደቡ ላይ ተቀመጠ። ወንድሜ ዳግመኛ ከከላላ መጥቷል። ስለ ዘራቸው ጠየቅነው፤ ሰባት ቤት ቆጠርን፤ የሚያገናኘን የለም። ልጄ ጓዳ ሆና ታዳምጣለች። ንግግሩ ጥሩ ነው፤ ንግግር ግን ባሕሩም ላይ ጥሩ ነበር።

ወደ ወንድሜ ዞር ብዬ «ተኛ» አልኩት።

«የት?»

«አልጋዬ ላይ።»

«በቀን? ለምን?»

«ወገብህ ተሰብሯል። ተኛና አትንቀሳቀስ።»

«ወላሂ እትዬ፣ ጤነኛ ነኝ! ክፉ አታሟርቺብኝ።» ቢሆንም ተኛ። እንደ በድን ተዘረጋ፤ አንድ ዐይኑን ገለጥ አድርጎ ያየናል።

ከሣጥን አንሶላ አውጥቼ ለሰውየው ሰጠሁት።  ምን ላድርግ ብሎ አልጠየቀኝም። ኮቱን አወለቀ፣ እጁን ታጠበ።

በሽተኛን እጁን ስቦ የሚያገላብጥ ሥራውን አያውቅም፤ ይህን መጀመሪያ ጠበቅሁ። ወንድሜን በእጁ አልሳበውም። አንድ መዳፉን ትከሻው ላይ፣ አንዱን ዳሌው ላይ አድርጎ በአንድ ጊዜ ወደ ጎን አዞረው። አሮጌውን አንሶላ በርዝመቱ ጠቅልሎ ከጀርባው ሥር አስጠጋው። አዲሱን ግማሹን ዘረጋ፤ ግማሹን ጠቅልሎ ከአሮጌው ጎን አኖረው። ከዚያ ወንድሜን በጥቅሉ ላይ ቀስ አድርጎ ወደዚያ አገላበጠው፤ በዚያ በኩል ዞሮ አሮጌውን ሳበ፣ አዲሱን አወጣ። ጨረሰ ስል በመዳፉ ዳሰሰው፤ ከትከሻ እስከ ተረከዝ። ጭምድድ ያለ ቦታ ሲያገኝ ይስበዋል፤ ደግሞ ይዳስሳል። ለማይነሣ ሰው አንዲት እጥፋት ቁስል ናት። ይህን እኔ የተማርኩት ባለቤቴ ጀርባው ከቆሰለ በኋላ ነው።

«ተመችቶኛል፤ ልደር?» አለ ወንድሜ።

«ተነሣ» አልኩት።

ሰውየውን አየሁት። እጁ ላይ የበረኪና ንጣት አለ፤ ከጣቶቹ መካከል። ስክሪን ብቻ የሚነካ እጅ አልነበረም።

«እዚያ የሠራኸው አልጋ ለምን አይጨማደድም?» አልኩት።

«እንዲጨማደድ ማድረግ ይቻላል እትዬ» አለ። «አልፈለግሁም።»

«ልጄ ቤትህ ስትገባ?»

«እርሷ መድኃኒቱን ከእኔ በላይ ታውቃለች፤ ልትመክረኝ ትችላለች። አንሶላው የእኔ ነው። አባቴም ከእኔ በቀር እንዲነካው አይፈቅድም።»

ልጄን ከጓዳ ጠራኋት። በእርሱ ፊት «ፈቃድሽ ነው?» አልኳት። ጆሮዋን አልያዘችም። «ፈቃዴ ነው» አለች። ሌላ ነገር አልጠየቅሁም። ወጥቼ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተሳልሜ ተመለስኩ።

እርሱ አገሩ ከገባ በኋላ ባለው እሑድ ያን ሪዞርት ለመጨረሻ ጊዜ ገባሁበት። ያቺ ሥዕል ሴትዮ አሁንም በእንግሊዝኛ ተቀበለችኝ። የበጉ ጭን ከጠረጴዛው አልተነሣም፤ ወር ሊሆነው ነው፤ አልሸተተም። ፀሐዩም እዚያው ነው። ምንም የማይበላሽበት ቤት ምንም የማይጠቅም ቤት ነው ብዬ ነበር ለልጄ፤ አሁንም አልቀየርኩም። ሥራ የሌለው ሰው ሥራ የሌለውን የሚያስተናግድበት ነው። አንድ ነገር ብቻ አበድሮናል፤ ለአባትየው መቆሚያ።

ሽማግሌዎቹ መጡ። ሐጂ በዚህ ጊዜ ከገንዳው ርቀው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ሦስተኛው ሰው መልክ አውጥተዋል፤ መልኩ የወጣት ነው፣ የለበሱትም የስፖርት ቁምጣ ነው። «ልጆቹ ናቸው ያለበሱኝ» አሉ። አባትየው በመካከል በነጭ ጋቢያቸው ቆመዋል።

ወንድሜ ሊናገር አፉን ሲከፍት ከለከልኩት። የገባሁትን ቃል ራሴ ነው የምፈጽመው።

«አባቴ» አልኩ፣ «ልጄን ለልጅዎ ሰጥቻለሁ። ከጥምቀት በኋላ ቀን ቁረጡ። ሠርጉም ሲያልፍ ራሴ መጥቼ እጠይቅዎታለሁ። በመኪና።»

ሐጂ «አልሐምዱሊላህ!» አሉ። ከዚያም ከዚህም ምስጋና ሆነ። ልጄ ከኋላዬ ትነፋረቃለች፤ ልጅየውም ከዚያ ማዶ፣ ከአባቱ አልጋ አጠገብ፣ ሲነፋረቅ ይሰማል። አሻንጉሊቶቹ ሁሉ ፈገግ እንዳሉ ናቸው።

«እንግዲህ ተቀመጡ» አለ ወንድሜ። «ወጉ ደርሷል።»

ሐጂ ተቀመጡ፤ ባለ ቁምጣውም ተቀመጡ። አባትየው ግን አልተቀመጡም።

«ቁልፉ ጠፍቶባቸው ይሆናል» ብላ ልጄ ወደ ማይኩ ጎንበስ አለች። «አባባ፣ ቀኝ እጅዎ በኩል ያለውን…»

«አልጠፋኝም ልጄ» አሉ። «ፈቃዳችሁ ከሆነ ትንሽ ልቁም።»

«ይቁሙ» አልኩ።

ቆሙ። ባሕሩን እያዩ ይሁን እኛን እያዩ አይታወቅም።  ወንድሜ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «እትዬ፣ ሚኒባሱ ያመልጠኛል፤ እስከ መቼ ነው?» አለኝ።

«እስኪበቃቸው» አልኩት።